የታየ ሁሉ የተከፈለ አይደለም
የስልክና የመረብ አዳዲስ ቃላት ለነጋዴው ምን ማለት እንደሆኑ

ገና ጎሕ ሲቀድ በባቱ ከተማ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑ አይሱዙ መኪናዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ከደምበል ሐይቅ የወጣው ዓሣ ፀሐይ ሳትጠነክርበት ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ መጓዝ አለበት፤ ከመስኖ እርሻ የተለቀመውም ቲማቲም ውሎ ካደረ ዋጋው ይወድቃል። እንዲህ ባለው ገበያ ሻጭና ገዥ ረዥም ጊዜ ተቀምጠው ሊመካከሩ አይችሉም። ዋጋው በፍጥነት ይቆረጣል፤ ጭነቱ በፍጥነት ይነሣል፤ ሒሳቡም በፍጥነት መዘጋት ይኖርበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ሒሳብ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ነበር። ገዥው ገንዘቡን በከረጢት ይዞ መንገድ ይወጣል፤ ሻጩም ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ባንክ እስኪከፈት ድረስ ልቡ ሳያርፍ ይጠብቃል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራውን ሲጀምር፣ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሲከተል፣ ባንኮችም የስልክ አገልግሎታቸውን ሲያስፋፉ፣ ገንዘብ ተሸክሞ መንገድ የመውጣቱ ሥጋት እጅግ ቀነሰ። በዚህ ረገድ ንግዱ ያገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን አዲስ መገበያያ አዲስ ቋንቋ ይዞ ይመጣል። ነጋዴው «ስክሪንሾት ልላክልህ»፣ «ሊንኩን ተጫን»፣ «ኦቲፒውን ንገረኝ»፣ «ቦቱን ስታርት በለው»፣ «ኢንቦክስ አድርግልኝ» የሚሉ ቃላትን በየቀኑ ይሰማል። ብዙ ሰው አለማወቁን ቢገልጽ የሚናቅ እየመሰለው ትርጉሙን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው እፍረት ገንዘብ ያስከፍላል። በየገበያው ደላሎች ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ባለዕቃ ዐይኑ እያየ ዋጋው ይቆረጥበታል። የመረቡም ቋንቋ እንደዚሁ ነው።

ቃላቱ ብዙ ይሁኑ እንጂ የማታለያው መንገድ አንድ ነው። አታላዩ፣ ነጋዴው ራሱ ሊያጣራ የሚችልበትን መንገድ አስትቶ፣ ያቀረበለትን ማረጋገጫ ብቻ እንዲያምን ያደርገዋል። መከላከያውም እንዲሁ አንድ ነው፤ ይኸውም ሌላ ሰው ያመጣውን ማስረጃ ትቶ በራስ እጅ ባለው መዝገብና ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ቁጥር ማጣራት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሁሉ የዚህ አንድ ደንብ ማብራሪያዎች ናቸው።

ስክሪንሾት

ስክሪንሾት ማለት በስልክ መስታወት ላይ የሚታየውን ነገር እንዳለ የሚያነሣ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ እንደመሆኑ መጠን ሊቆረጥና ሊቀጠል፣ በውስጡ ያለው ስም፣ ቀንና የገንዘብ ልክ ሊለወጥ ይችላል። ይህንንም ለማድረግ አንድ ተራ ስልክና ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከዚህም አልፎ የትክክለኛውን ባንክ ገጽ አስመስለው የሐሰት ደረሰኝ የሚያወጡ መተግበሪያዎች አሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ የባቱ ነጋዴ 50 ኩንታል ሽንኩርት በደላላ አማካይነት ለማያውቀው የአዲስ አበባ ገዥ ሸጠ ይባል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጭነቱ አልቆ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። ገዥው በስልክ የክፍያውን ስክሪንሾት ይልካል። ነጋዴው የራሱን ስልክ ቢመለከት ከባንኩ የመጣ መልእክት የለም። ሲጠይቅ «ኔትዎርክ ከብዶ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይገባልሃል» የሚል መልስ ያገኛል። ደላላው ያስቸኩላል፤ ሾፌሩ ያጉረመርማል፤ ነጋዴውም ሰውን መጠራጠር ነውር መስሎት መኪናውን ይለቃል። መኪናው ሞጆን ሲያልፍ የገዥው ስልክ ተዘግቷል፤ ገንዘቡም አልገባም፤ የወራት ድካም በአንድ ፎቶግራፍ ተለውጧል።

ስለዚህ ገንዘብ ደረሰ የሚባለው በተቀባዩ ሒሳብ ላይ በተቀባዩ ዐይን ሲታይ ብቻ ነው። ለቴሌብር *127#፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889# በመደወል ወይም የራስን መተግበሪያ በመክፈት ቀሪ ሒሳብን ማየት ይቻላል። እርግጥ ነው፣ መጠበቅም ራሱ ኪሳራ አለው፤ ቲማቲም ኔትዎርክ እስኪመጣ አይታገሥም። መፍትሔው ጉዳዩን በጭነቱ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በውሉ መጀመሪያ ላይ መቁረጥ ነው። የመጨረሻው ኩንታል ከመጫኑ በፊት ገንዘቡ በሒሳብ መግባት እንዳለበት ዋጋ ሲቆረጥ አብሮ ከተነገረ፣ በኋላ ማንም ሰው «ተጠራጠርከኝ» ብሎ ሊቀየም አይችልም። ቀና ገዥ ይህን ውል አይፈራም።

«በስሕተት ላክሁብህ»

ከስክሪንሾት ቀጥሎ የሚመጣው የሐሰት የጽሑፍ መልእክት ነው። አታላዩ የባንክ መልእክት አስመስሎ «ይህን ያህል ብር ደርሶዎታል» ብሎ ራሱ ይጽፍና ከራሱ ስልክ ይልካል። ብዙውን ጊዜ መልእክቱ የመጣው ከባንኩ ስም ወይም ከአጭር ቁጥር ሳይሆን በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ነው፤ ይህን ልብ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የላኪው ስም ትክክለኛ ቢመስል እንኳ ስም ሊመሳሰል ስለሚችል፣ ሒሳብ ሳይታይ መልእክቱ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ይጮኻል። ደዋዩ እያለቀሰ፣ «አባቴ»፣ «እናቴ» እያለ፣ ለታመመ ልጁ ማሳከሚያ ሊልክ የነበረውን ገንዘብ በስሕተት እንደላከ ይናገራል፤ እንዲመለስለትም ይለምናል። ርኅራኄ ያለው ባለሱቅ ከራሱ ገንዘብ አንሥቶ ይልክለታል። እውነተኛ ስሕተት ቢሆን እንኳ ማስተካከል የሚገባው ገንዘቡን ያስተላለፈው ድርጅት ነው። ባለሱቁ «ወደ ባንክህ ሂድና አመልክት፤ እነርሱ ሲጠይቁኝ ፈቃዴን እሰጣለሁ» ብሎ ቢመልስ፣ ቀናውን ሰው አልጎዳም፤ አታላዩንም አላበለጸገም።

ፒን እና ኦቲፒ

ፒን የሚባለው የሒሳቡ ባለቤት ብቻ የሚያውቀው የምሥጢር ቁጥር ሲሆን፣ ኦቲፒ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና ጊዜው ቶሎ የሚያልፍ ማረጋገጫ ቁጥር ነው። ፒን የሱቁ ቁልፍ ነው ቢባል፣ ኦቲፒ ዘበኛው በሩ ላይ የሚጠይቀው የዕለት ምልክት ነው። ሌባ ሁለቱን ካገኘ ሱቁ ተከፈተ ማለት ነው።

አታላዩ ከባንክ ወይም ከቴሌ የሚደውል መስሎ ይቀርባል። «ሒሳብዎ ሊታገድ ነው»፣ «ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ነው»፣ «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ይላል፤ ከዚያም «አሁን በስልክዎ የደረሰውን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ይጠይቃል። በዚያው ቅጽበት በሌላ ስልክ ላይ የነጋዴውን ሒሳብ ለመክፈት እየሞከረ ስለሆነ፣ የደረሰው ቁጥር የሌባው በር መክፈቻ ነው። ማንኛውም ቀና የባንክ ሠራተኛ ይህን ቁጥር በስልክ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሁሉ ሥልጣኑ ምንም ያህል ከፍ ያለ ቢመስል ሌባ ነው ብሎ መቁረጥ ይገባል።

በኮከብ ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቅ ቁጥር እንዲደውሉ የሚያዝዙም አሉ። በተለይ በሁለት ኮከብና በ21 የሚጀምረው ትእዛዝ የባለቤቱን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ስልክ የሚያሻግር ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ በድምፅ የሚነገር ማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ ወደ አታላዩ ጆሮ ይሄዳል። ስለዚህ የማያውቁት ሰው ያዘዘውን ቁጥር አለመደወል ነው።

ቴሌግራም፣ ሊንክ፣ ቦት

ቴሌግራም የሚለው ቃል ለቀደሙት ነጋዴዎች በሽቦ ተልኮ፣ በቃላቱ ብዛት ተከፍሎበት፣ በወረቀት የሚደርስ አጭር መልእክት ነበር። የዛሬው ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የተጀመረ የስልክ መገናኛ ሲሆን፣ ብዙ የከተማ ነጋዴ ዕቃውን የሚያስተዋውቀውና ዋጋ የሚጠያየቀው በእርሱ ነው። ቻናል ማለት አንዱ የሚናገርበት፣ ሌሎች የሚሰሙበት ሰገነት ነው። ግሩፕ ሁሉም የሚነጋገርበት ሸንጎ ነው። አድሚን የዚያ አስተዳዳሪ ነው። ጆይን ማለት ግባ፣ ፎርዋርድ ማለት ለሌላ አስተላልፍ ማለት ነው። ቦት ሰው መስሎ የሚመልስ፣ ነገር ግን በመሣሪያ ትእዛዝ የሚሠራ መልስ ሰጪ ነው። ሊንክ ሲጫኑት ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግር ማስፈንጠሪያ ነው። ፌክ ማለት ሐሰተኛ፣ ስካም ማለት ማጭበርበር፣ ሃክ ተደረገ ማለትም ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ገብቶ ያዘው ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው ሊንክ ነው። ከሚያውቁት ሰው ስም «ለልጄ ድምፅ ስጥልኝ» ወይም «ይህን ሽልማት ውሰድ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይመጣል። ሲጫኑት የስልክ ቁጥርና የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። ያን የሰጠ ሰው የቴሌግራም ደብተሩን ለሌላ አስረክቧል። ከዚያም አታላዩ በባለቤቱ ስም ለወዳጆቹ ሁሉ «ችግር ገጥሞኛልና አስቸኳይ 10,000 ብር ላክልኝ፤ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ይጽፋል። የነጋዴ ስም በብዙ ዓመት የሚሠራ ሀብት ነው፤ በአንድ ማታ እንዲህ ይባክናል።

መከላከያው ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ በጽሑፍ ገንዘብ የጠየቀ ወዳጅ ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ተደውሎለት ድምፁ ይሰማ። ሁለተኛም፣ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባለውን በማብራት ተጨማሪ የይለፍ ቃል ይበጅ፤ ይህ ሲሆን አታላዩ የመጀመሪያውን ቁጥር ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛው በር ይዘጋበታል።

«ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት ዋጋው በአደባባይ ሳይሆን በግል መልእክት ይነገራል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚሸጡ ብዙ ቅን ነጋዴዎች አሉ። ሆኖም ሱቁ የማይታወቅ፣ ሊያዩት የማይፈቅድ፣ ዋጋው ከገበያ እጅግ ዝቅ ያለና ቀብድ በቶሎ የሚጠይቅ ሻጭ ሲያጋጥም፣ የንግድ ፈቃዱንና አድራሻውን ጠይቆ ዕቃውን በዐይን ሳያዩ ቀብድ አለመላክ ነው። እንዲሁም ኤርድሮፕ የሚባለው በመረብ በነጻ የሚታደል ዲጂታል ሳንቲም ነው። በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ብዙ ወጣቶችን ስልክ ሲያስነካካ ሰንብቷል። በነጻ ይታደላል የተባለውን ለመቀበል «መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ፣ ነጻ ያልሆነ ስጦታ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የአስመጪና የላኪ ጥንቃቄ

እስካሁን የተነገረው የባለሱቁና የጭነት ነጋዴው ጉዳይ ቢመስልም፣ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በኢሜል በሚካሄደው የውጭ ንግድ ላይ ነው። አታላዩ የአቅራቢውን ኢሜል ሰብሮ ይገባና ደብዳቤውን ለሳምንታት እያነበበ ዝም ብሎ ይቆያል። ክፍያው ሲቃረብ በአቅራቢው ቋንቋ፣ በአቅራቢው ማኅተም፣ «የባንክ ሒሳባችን ስለተለወጠ በዚህ አዲስ ቁጥር ላኩልን» የሚል ፕሮፎርማ ይልካል። አንዳንድ ጊዜም አድራሻው በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ የላቲኑ «ኤል» በ1 ቁጥር ይተካል፤ ወይም «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው «ኤም» ይመስላሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ብቻ ከዚህ ዓይነቱ የንግድ ኢሜል ማታለል የተነሣ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደተመዘገበለት አስታውቋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ትልቁ ትምህርትም የተገኘው ከኢሜል ሳይሆን ከፋክስ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሒሳብ በሚገኝበት በኒው ዮርኩ ሲቲባንክ አንድ ጥቅል ሰነድ ደረሰ። ሰነዱ በብሔራዊ ባንኩ ባለሥልጣኖች የተፈረመ መስሎ የቀረበ ሲሆን፣ ወደፊት በፋክስ የሚላኩ የክፍያ ትእዛዞች እንዲፈጸሙ የሚጠይቅ ነበር። ፊርማዎቹ በመዝገብ ካሉት ጋር የሚመሳሰሉ ነበሩ። ለማረጋገጫ የሚደወልላቸው ሰዎች ስምና ስልክ ቁጥርም አብሮ ተዘርዝሯል።

በተከታዩ ወር ሃያ አራት ያህል የፋክስ ትእዛዞች መጡ። በእነዚህም ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮርያ፣ አውስትራልያ፣ ቻይና፣ ቆጵሮስና ወደ አሜሪካ ሒሳቦች እንዲተላለፍ ታዘዘ። ባንኩ ሳያጣራ አልከፈለም፤ ደውሎ ጠይቋል። ነገር ግን የደወለው በሰነዱ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ነበር። ቁጥሮቹ የናይጄርያ፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ሞባይሎች ሲሆኑ፣ በሌላ ጫፍ ሆነው «አዎን፣ እኛ ነን ያዘዝነው» ብለው የመለሱት አታላዮቹ ራሳቸው ነበሩ። ነገሩ የተገለጠው አንዳንዶቹ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱና ብሔራዊ ባንኩም ክፍያዎቹን እንደማያውቃቸው ሲናገር ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ለብሔራዊ ባንኩ ሒሳብ መልሶ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም አንድ ተጠርጣሪ በአሜሪካ ተይዞ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ተከሰሰ።

ነጋዴው ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከዓለም ታላላቅ ባንኮች አንዱ የተታለለው ማጣሪያውን ረስቶ ሳይሆን፣ አታላዩ ባቀበለው ቁጥር በማጣራቱ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው አስመጪ፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ትቶ፣ ከአሮጌው ውል ወይም ከቀድሞው የንግድ ካርድ ባገኘው ቁጥር ለአቅራቢው ይደውል። አበባ፣ ቡና ወይም ቅባት እህል የሚልከውም ነጋዴ ለገዥዎቹ አስቀድሞ «የባንክ ሒሳባችን ቢለወጥ በስልክ ሳናነጋግራችሁ አትክፈሉ» ብሎ በውሉ ላይ ቢያሰፍር ራሱንም ደንበኛውንም ይጠብቃል።

በሱቅ ውስጥ ያለ ሥርዓት

ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚገባው ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ለሠራተኞች ግልጽ ትእዛዝ መስጠት ይገባል። የሱቁ ገንዘብ የሚገባበት ስልክ ከባለቤቱ የግል ስልክ የተለየ ይሁን፤ ክፍያ መግባቱን የሚያጣራው ሠራተኛ ይታወቅ፤ ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነ ክፍያ ሁለት ሰው ሳያየው ዕቃ አይውጣ። ደንበኛው ቢቸኩል ሠራተኛው «የቤቱ ደንብ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ በእርሱ ላይ ቅያሜ አይደርስም። ፒን ለሠራተኛ፣ ለልጅ ወይም ለደላላ አይነገርም፤ በወረቀትም ተጽፎ በስልክ ሽፋን ውስጥ አይቀመጥም።

ጉዳት ከደረሰም ዝም ማለት አይገባም፤ በመታለል ማፈር የሚጠቅመው አታላዩን ብቻ ነው። ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ለሲም ካርድ ጉዳይ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ወዲያው ደውሎ ሒሳቡ እንዲታገድ ማድረግ ይቻላል። ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት የተነገረ አቤቱታ ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ አለው። ቀጥሎ ለፖሊስ ማመልከት ነው። መልእክቶቹን፣ ቁጥሮቹንና ደረሰኞቹን በንዴት ማጥፋት አይገባም፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።

በባቱ ገበያ ንግዱ ነገም በጠዋት ይቀጥላል፤ መኪናዎቹ ይሰለፋሉ፤ ስልኮቹም ይጮኻሉ። አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ሰውን ሁሉ ጥሉ ማለታቸው አልነበረም፤ ሚዛኑን ሳታዩ አትክፈሉ ማለታቸው ነበር። ደግሞም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። አታላዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርቀው ጊዜን ነው፤ ሰውየው ቆም ብሎ የራሱን ሒሳብ እንዳያይ ያስቸኩለዋል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ፣ ደላላው «ቶሎ በል» ሲል፣ ነጋዴው *127# ብሎ ቀሪ ሒሳቡን ለማየት የሚወስድበት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያች አንድ ደቂቃ የ50 ኩንታል ሽንኩርት ዋጋ አላት።